ጵፍ ያለችው ጥይት

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ፤ ሽጉጥ አለኝ። ፊታችሁን አታጨማድዱብኝ፤ ሰው የማስፈራራበት አይደለም። እዚህ ሜልቦርን ፈቃድ አውጥቼ፣ ፖሊስ ቤቴ ድረስ መጥቶ ካዝናዬን አይቶ፣ የተኩስ ክለብ አባል ሆኜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረቀት ላይ የተሳለ ክብ የምበሳበት የስፖርት ሽጉጥ ነው። ጎልፍ የሚጫወት አለ፣ ዓሣ የሚያጠምድ አለ፤ እኔ ደግሞ ወረቀት እበሳለሁ። ይህን ለአገሬ ሰው ማስረዳት ግን ቀላል አልሆነልኝም። አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አፌን አዳልጦኝ ተናግሬ፣ አንድ የማከብረው ወዳጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የሚለኝ ከሩቅ ነው።

ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ሽጉጡን እንድትወዱልኝ ብዬ አይደለም። ቀኝ እጄን ሊያሳጣኝ ትንሽ የቀረውን፣ ምክንያቱን ፍለጋ ቤቴን ከጣራ እስከ ወለል ያስፈተሸኝን፣ በመጨረሻም ስንት ዓመት አብሬያት ከኖርኳት ሚስቴ ጋር እንደ አዲስ ያስተዋወቀኝን ገጠመኝ ልነግራችሁ ነው።

መኮንን እባላለሁ። የምኖረው ታርኔት ነው። ከተማው አልቆ ሜዳው ሊጀምር ሲል ያለው ሰፈር ነው፤ ቤቱ ሁሉ ይመሳሰላል፣ ነፋሱም የቆሻሻ መጣያችሁን ጎረቤት ድረስ ይወስድባችኋል። ከኬንያ የስደት ኑሮ በኋላ አስኮት ቬል በመንግሥት የኪራይ ፍላት ብዙ ዓመት ኖረን፣ ልጃችን ሶስና ሃይስኩል ስትገባ ነው ወደዚህ የመጣነው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ቀኝ እጄ ከሌለ እኔም ሥራም የለንም ማለት ነው።

ወደ ተኩስ ሜዳ የወሰደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «አንድ ቀን ሞክረውና ካልወደድከው ትተወዋለህ» አለኝ። ሄድኩ። ዒላማው ላይ ሳተኩር ስለ ቤቱ ዕዳ፣ ስለ ሺፍቱ፣ ከአገር ቤት ስለሚሰማው ወሬ ሌት ተቀን የሚለፈልፈው ጭንቅላቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘጋ። በዚያው ቀረሁ።

ባለቤቴ የሺ ግን መሣሪያ የሚባል ነገር አትወድም፤ ምክንያትም አላት። ታላቅ ወንድሟ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ አልተመለሰም። እናቷ ሬሳውን ሳታይ፣ መርዶውን በሰው አፍ ብቻ ሰምታ ነው ያለቀሰችው። የሺ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። ክለብ ልገባ መሆኔን ስነግራት ሰሃን እያጠበች ነበር።

«ወስነሃል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እሺ» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ሽጉጡ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። እኔም ሞኙ ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ክለቡ ውስጥ የተኩስ መስመሩን የሚቆጣጠረው ግራሃም የሚባል ሰው ነው። ሰባዎቹን ያጋመሰ፣ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት ፈረንጅ ነው። በዕድሜ አባቴ ስለሚሆን ስሙን ብቻውን መጥራት አፌ እምቢ ብሎኝ «ጋሽ ግራሃም» እለዋለሁ። ትርጉሙን ከነገርኩት ወዲህ ሌሎቹንም እንደዚያ ካልጠራችሁኝ እያለ ያስቸግራቸዋል። የተተኮሰ ጥይት እንደገና መሙላት ያስተማረኝ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥይት ሲተኮስ የናስ ቀለሁ ይቀራል። ቀለሁን አጽድቶ፣ ከሥሩ ያለችውን ፕራይመር የምትባል ምስር የምታህል መለኮሻ ቀይሮ፣ ባሩድ ጨምሮ፣ አፉ ላይ ዒላማ የሚመታውን አዲስ እርሳስ መግጠም ነው። ቃታ ሲሳብ መለኮሻዋ ትፈነጥቃለች፣ ባሩዱ ይቀጣጠላል፣ እርሳሱ ይወጣል። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። ጋሽ ግራሃም የመጀመሪያ ቀን አስቀምጦ እንዲህ አለኝ፦

«ባሩዱ በደንብ ካልተቀጣጠለ እርሳሱ አይወጣም፤ የሽጉጡ ቱቦ መሃል ላይ ተወትፎ ይቀራል። አንተ ሳታውቅ ሁለተኛውን ከተኮስክ ሽጉጡ እጅህ ውስጥ ይፈነዳል። የገባህ መስሎህ ጭንቅላትህን አትነቅንቅ፤ ድገምልኝ።»

ደገምኩለት። በሚቀጥለውም ሳምንት አስደገመኝ።

የእኔ አሠራር ታዲያ የታወቀ ነበር። ቅዳሜ ከተኩስ ሜዳ ስመለስ ቀለሆቹን አጸዳለሁ፤ ወደ ማታ ግድም በስልኬ ፉቲ የሚሉትን የዚህን አገር እግር ኳስ እያየሁ ጋራዥ ውስጥ መለኮሻዎቹን አንድ በአንድ እገጥማለሁ። የገጠምኩባቸውን ቀለሆች ቀዳዳ ባለው ጣውላ ላይ አፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ ደርድሬ እተዋቸዋለሁ። ባሩድ መጨመር ንጹሕ ዓይን ስለሚፈልግ ለእሁድ ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ምሳ በልተን፣ አረፍ ካልኩ በኋላ። ባሩዱና የተረፈው መለኮሻ በብረት ቁምሳጥን ይቆለፋል፣ ሽጉጡ ደግሞ በካዝናው። ጣውላው ብቻ ነበር ጠረጴዛው ላይ የሚያድረው።

ለወራት ሁሉም ነገር እንደ ሰዓት ሲሠራ ቆየ። ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ግን ተበላሸ። ቃታ ስስብ «ቀጭ» ትላለች፤ ምንም የለም። ሌሎቹ ደህና ይተኮሳሉ፤ ከዚያ አንዷ እንደገና «ቀጭ»። ነሐሴ እዚህ የክረምት ማብቂያ ነው፤ ብርዱ ነው አልኩ። ጋሽ ግራሃም ግን ብርድ ምክንያት አይሆንም አለ።

«ፈልገው» አለኝ። «ግን አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ሁሉንም አንድ ላይ ከቀየርክ ቢድንም ምን እንዳዳነው አታውቅም።»

እንዳለኝ አደረግሁ። በመጀመሪያው ሳምንት መለኮሻዎቹን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ፤ «ቀጭ»። በሚቀጥለው መለኮሻዎቹ እስከ ሥራቸው መግባታቸውን በጣቴ እየዳሰስኩ ገጠምኩ፤ «ቀጭ»። ከዚያ የሽጉጡን መምቻ አስፈተሽኩ፤ ሽጉጡ ጤነኛ ነው። ከዚያ ባሩድ የምመዝንበትን ሚዛን ቀየርኩ። ነገሩ ከማሳሰብ አልፎ ያናድደኝ ጀመር። የሺ እራት ላይ «ምን ሆነሃል? ፊትህ ጠቁሯል» ስትለኝ «ሥራ ነው» እላታለሁ።

ከአዲስ ዓመት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ነገሩ ከንዴት አለፈ።

ያው የታወቀው የሜልቦርን መስከረም ነበር፤ ስነሳ ፀሐይ፣ መንገድ ላይ በረዶ፣ ስደርስ እንደገና ፀሐይ። መኪና ማቆሚያው ላይ ማግፓይ የምትባለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ጎጆዋን ስትጠብቅ ሰው አናት ላይ ስለምትወረወር ጭንቅላቴን በቦርሳዬ ሸፍኜ ሮጬ ነው የገባሁት። ውድድር አልነበረም፤ ግን ፈጣን ተኩስ የምንለማመድበት ቀን ነበር። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አምስት ጥይት ነው። የእኔ ሽጉጥ ጥይቶቹ በሚሽከረከር ከበሮ የሚገቡበት ዓይነት ነው፤ ቃታ በሳቡ ቁጥር ከበሮው ዞሮ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ያቀርባል። ማሰብ አያስፈልግም፤ ጣት ምቱን ከያዘ ይቀጥላል።

ትእዛዙ ተሰጠ። ጧ። ጧ። ከዚያ «ጵፍ»።

የለስላሳ ክዳን ሲከፈት የሚሰማውን ታውቁታላችሁ አይደል? እንደሱ ናት። ጆሮዬ ሰምቷል፤ ጣቴ ግን አልሰማችም። ምቱን ይዛ ነበርና መሳብ ጀምራለች። ከበሮው ሲዞር ይታየኛል። ትከሻዬ ላይ አንድ ከባድ እጅ አረፈና «ቁም!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ጣቴ ባለችበት ደረቀች።

«ጣትህን አውጣ። አፈሙዙ ወደ ፊት እንዳለ ይሁን። ቀስ ብለህ አስቀምጠው» አለ ጋሽ ግራሃም ከኋላዬ። ድምፁ አሁን ዝግ ብሏል።

መስመሩ ሁሉ ተኩስ አቆመ። ሽጉጡ ባዶ ከሆነ በኋላ ቀጭን የናስ ዘንግ አምጥቶ ከአፈሙዙ አስገባ። ዘንጉ በሌላው ጫፍ መውጣት ነበረበት፤ መሃል ላይ ደርሶ «ጥቅ» ብሎ ቆመ። እርሳሱ እዚያው ተወትፏል።

ጋሽ ግራሃም ዘንጉን በጣቱ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። «ቀጣዩን ስበኸው ቢሆን ዛሬ እራትህን በግራ እጅህ ነበር የምትበላው» አለኝ። «እናንተ ደግሞ በግራ አትበሉም።»

ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። አልሳቅኩም፤ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ሰዉ ሲበተን እኔና እሱ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ የቀሩትን ጥይቶች አንድ በአንድ ፈታናቸው። ከአንዱ የወጣው ባሩድ እንደ አሸዋ ፈሰሰ። ከሌላውም እንዲሁ። ከሦስተኛው ምንም አልወጣም። ጋሽ ግራሃም በጠረጴዛው ጠርዝ መታ መታ ሲያደርገው እርጥብ ስኳር የመሰለ ጓል ዱብ አለ። ቀለሁን ወደ ብርሃን አዙሮ ሲያሳየኝ ውስጡ አረንጓዴ እድፍ ይዟል።

«ውሃ» አለ።

«ጋራዡ ርጥበት አለው ማለት ነው?»

«ርጥበት ቢሆን ሁሉም ይበላሹ ነበር። ይሄ ጠብታ ነው። አንዱን አግኝቶ ጎረቤቱን ስቶታል። ከላይ ነው የሚወርደው፣ ወዳጄ። ጣራህን እይ።» ከዚያ ጣቱን ቀሰረብኝ። «ሁለተኛ ደግሞ፣ ግማሽ ሥራ ክፍቱን አያድርም፤ ይሸፈናል ወይ ይቆለፋል። ምክንያቱን እስክታገኝ ድረስ ራስህ የሞላኸውን ጥይት እዚህ ይዘህ እንዳትመጣ።»

ታርኔት እስክደርስ ድረስ መሪውን የያዘውን ቀኝ እጄን እያየሁ ነው የነዳሁት። እቤት ስገባ የሺ «እንዴት ነበር?» አለችኝ። «ደህና ነበር» አልኳት። ምን ልበላት? ወንድሟን መሣሪያ የበላባትን ሴት፣ ዛሬ እኔንም ሊበላኝ ነበር ልበላት?

የዚያ ሳምንት ሥራዬ ውሃ ፍለጋ ሆነ። ከሥራ መልስ መሰላል አቁሜ ጣራ ላይ ወጣሁ። የሺ «አንድ ነገር ብትሆን እኔ የለሁበትም» እያለች፣ መሰላሉን ግን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛልኛለች። ለምን እንደወጣሁ ስትጠይቀኝ «የሚያፈስ መሰለኝ» ብቻ አልኳት። አንድም የተሰበረ ክዳን የለም። ወርጄ ኮርኒሱን በመዳፌ ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። የልብስ ማጠቢያውን ቱቦ ፈታሁ፤ ደረቅ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ቡክ አድርጌ አስመጣሁ፤ ሰውየው ግድግዳውን በመሣሪያው እየነካካ ዞረና «ወንድሜ፣ በዚህ ሰፈር እንደዚህ ደረቅ ጋራዥ አይቼ አላውቅም» ብሎኝ ሄደ። ሶስና ማጉያ መነጽር ይዤ ኮርኒስ ሳይ አግኝታኝ በእንግሊዝኛዋ «አባዬ፣ ዶክተር ጋር ልውሰድህ?» አለችኝ።

ዓርብ ለጋሽ ግራሃም ደወልኩለት።

«እንግዲያው ያዘው» አለኝ። «እንደ ወትሮህ አድርግ። ቅዳሜ መለኮሻህን ግጠም፣ ደርድር፣ ተወው። ባሩድ ግን አትጨምር። እሁድ ሰው ሳይነሳ በባትሪ ሄደህ ውስጣቸውን እይ። ውሃው መቼ እንደሚገባ ካወቅህ ከየት እንደሚገባ ታውቃለህ።»

ቅዳሜ ሌሊቱን ዘነበ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ከአልጋዬ ሾልኬ ወረድኩ። የሺ ከጎኔ አልነበረችም፤ ለቅዳሴ ስትዘጋጅ ቀድማ ስለምትነሳ አልገረመኝም። ጋራዥ ገብቼ ባትሪዬን ቀለሆቹ ላይ አበራሁ። አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ሁሉም ደረቅ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አንድም ጠብታ አልገባም። ምናልባት በትልቁ በር ሥር ነፋስ ይዞት ይገባ ይሆን ብዬ ከመኪናው ኋላ ቁጢጥ አልኩና የበሩን ላስቲክ መዳሰስ ጀመርኩ።

የቤቱ በር ተከፈተ። መብራቱ በራ።

የሺ ነች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በእጇ ከቤተ ክርስቲያን የምታመጣውን የጸበል ጠርሙስ ይዛለች። መኪናው ስለጋረደኝ አላየችኝም። በቀጥታ ወደ ጠረጴዛዬ ሄደች። ካማተበች በኋላ ጠርሙሱን ከፍታ በመዳፏ ቀድታ ጣውላውን፣ ጠረጴዛውን፣ ጥይት የምሞላበትን መጭመቂያ፣ ካዝናውን ሳይቀር በየተራ ረጨች። እየረጨች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጸልያለች። ጋራዡ ጸጥ ያለ ስለነበር እያንዳንዱ ቃል ይሰማኛል።

«የድንግል ማርያም ልጅ፣ ይህን እሳት አብርድልኝ። ቀኝ እጁን ጠብቅልኝ። ዓይኑን ጠብቅልኝ። እንደ ወንድሜ አታድርግብኝ። እሱ አይሰማኝም፤ አንተ ስማኝ። በሰላም ሄዶ በሰላም ይመለስልኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ የፈለግሁት ውሃ ዓይኔ እያየ ይወርዳል፤ እኔ ግን መነሳት አቃተኝ። ቀኝ እጄን ነው የጠራችው። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጋሽ ግራሃም ያተረፋትን ያቺኑ እጅ። ስለዚያ ቅዳሜ ደግሞ አንድ ቃል አልነገርኳትም። እንባዬ መጣ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከቶዮታ ኮሮላ ኋላ ቁጢጥ ብሎ ማልቀስ ደግሞ ሌላ ውርደት ነው።

ቀስ ብዬ ልነሳ ስል ጉልበቴ «ቋ» አለ።

«በስመ አብ!» ብላ ጮኸች። ዞር ስትል ከመኪናው ኋላ የወንድ ጭንቅላት ብቅ ሲል አየች፤ የጠርሙሱን ጸበል እንዳለ ፊቴ ላይ ደፋችው።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!»

«መኬ? አንተ ሰውዬ፣ በድንጋጤ ልትገለኝ ነው እንዴ?»

«እኔ ነኝ የምገልሽ ወይስ አንቺ ነሽ ልትገይኝ የነበርሽው?»

ለቀልድ ነበር ያልኩት። ነገር ግን ፊቴ ሲያለቅስ የቆየ ፊት ስለነበር ቀልድ አልመሰላትም። ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። ፊቴን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ሁሉንም ነገርኳት። ጠብታው ቀለሁ ውስጥ ሲገባ መለኮሻዋና ባሩዱ እንደሚረጥቡ፣ የረጠበ ባሩድ እርሳሱን መሃል መንገድ ላይ እንደሚተወው፣ «ጵፍ» ያለችውን፣ ጣቴን፣ የግራሃምን እጅ። ገና ሳልጨርስ ገባት። የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች።

«ከፍልሰታ ጀምሮ ነው የምረጨው» አለች። «በየእሁዱ። እኔ ነኝ እንዴ?»

«አታውቂም ነበር።»

«እኔ ነኝ፣ መኬ?» መዳፏን ገልብጣ አየች። «ጠብቅልኝ እያልኩ እኔው በእጄ...»

አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ እጇን ያዝኩ። መዳፏ አሁንም እርጥብ ነው። ትንሽ ካለቀሰች በኋላ ግን እጇን መንጭቃ ወሰደችና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። የማውቃት የሺ ተመለሰች።

«ቆይ፤ ያን ቅዳሜ ይሄ ሁሉ ሆኖ እራት በልተህ ‹ደህና ነበር› ብለኸኝ ነው የተኛኸው?»

«እንዳትፈሪ ብዬ ነዋ።»

«አሁንስ አልፈራሁም? መሰላል አስይዘኸኝ ጣራ ስትወጣ ብትነግረኝ ኖሮ የዛኑ ቀን ምክንያቱን አወጣልህ አልነበር?»

«አንቺስ? ጎህ ሳይቀድ እየመጣሽ ስትረጪ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትስቅብኛለህ ብዬ ነዋ!»

ከዚያ እሷ ፊቷን ጠርጋ ጣውላውን እያየች፣ «ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። «እሳቱን አብርድልኝ ነበር ያልኩት። በርዷል። ጸሎቴ ደርሷል።»

«ግማሹ ነዋ የበረደው! ችግሩ እኮ እሱ ነው፣ የሺ! ጨርሶ ቢበርድ ደህና ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ሶስና በፒጃማዋ ስትወርድ እናቷን እንባዋ እየወረደ ስትስቅ፣ አባቷን ደግሞ ከአናቱ እስከ ደረቱ ረጥቦ አገኘችን። ዓይኗን አሽታ አየችንና ምንም ሳትጠይቅ ተመልሳ ወጣች።

ከመነሳታችን በፊት አንድ ነገር አልኳት፤ ከልቤ ነው ያልኩት። «የሺ፣ ተው ካልሽኝ እተወዋለሁ። ዛሬውኑ።»

መልሷ ከአፏ እስኪወጣ ድረስ ያቺን ጸጥ ያለች የቅዳሜ ጠዋት እየተሰናበትኳት ነበር።

«ተው አልልህም» አለች በመጨረሻ። «ቅዳሜ ስትመለስ ፊትህ የሰው ፊት ይሆናል። እሱን አይቻለሁ። ግን በእኔና በዚያ ነገር መሃል ዝም አትበለኝ። ምን እንደምታደርግ አሳየኝ። እዚያ ሆነህ ስትጨርስ ደግሞ መጨረስህን ንገረኝ።»

ቅዳሴ ዘግይተን ደረስን። ከቅዳሴ በኋላ የሺ የንስሐ አባታችንን ጥግ አስይዛ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው ጺማቸውን ይዘው ሲሰሙ ቆዩና፣ «ልጄ፣ በባልሽ ላይ እንጂ በባሩዱ ላይ ማን ርጪ አለሽ?» አሏት። ወደ እኔ ዞር ብለው ደግሞ «አንተም ብትሆን እጅህን ስጣት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሁድ ከመቀመጤ በፊት በሁለት እጄ ላይ ጸበል ታፈስልኛለች፤ ጣቶቼ መሃል ሳይቀር በፎጣ ታደርቅልኛለች፤ ከዚያ ነው ሥራ የሚጀመረው። የደረደርኩት ነገርም ክዳን ባለው ሳጥን ተቆልፎ ያድራል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአዲሶቹ ጥይቶች ጋር ክለቡ ደረስኩ። ጋሽ ግራሃም ከኋላዬ ቆሞ አንድ በአንድ፣ በየመሃሉ እያስቆመ አስተኮሰኝ። አንዷም «ቀጭ» አላለችም። ሁሉም ተተኩሰው አለቁ።

«ፍሳሹን አገኘኸው ማለት ነው» አለ።

«አገኘሁት።»

«ጣራው ነው?»

«ሚስቴ ናት።»

ጉዳዩን ስነግረው መጀመሪያ አፉን ከፍቶ አየኝ፤ ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ባርኔጣውን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ባርኔጣውን መልሶ አላደረገም። በእጁ እያዞረው ቆየ።

«የእኔዋ አንድም ቀን ጸልያ አታውቅም» አለኝ። «ወደዚህ ስመጣ ሁልጊዜ ‹ስትመለስ ወተት ይዘህ ና› ነበር የምትለኝ። ፍሪጁ ውስጥ ወተት እያለ። ያናድደኝ ነበር።» ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። «አሁን ሳስበው እሷም መጸለይዋ ነበር መሰለኝ።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ሽጉጥም ጥይትም አጠገባችሁ የለም፤ እንዳይኖርም እመኛለሁ። ግን እቤታችሁ ውስጥ ስለ እናንተ እየፈራ ዝም ያለ ሰው አለ። ዝም ስላለ የተስማማ መስሏችሁ ይሆናል። እኔም መስሎኝ ነበር። የሚወደን ሰው ዝም ሲል እጁ ሥራ አይፈታም፤ እኛ በማናውቀው መንገድ ሊጠብቀን ይሞክራል፤ ስለማናውቀውም እርስ በርስ ስንጠባበቅ ልንጎዳዳ እንችላለን። እኔ እንዳትፈራ ብዬ ደበቅኳት፤ እሷ እንዳልስቅባት ብላ ደበቀችኝ፤ በሁለታችን ደግነት መሃል እጄ ልትሄድ ነበር። ሂዱና ጠይቋቸው። ሳትስቁ ጠይቋቸው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩሱ ሲያልቅ፣ ሽጉጤን ፈትሼ ሳጥኑ ውስጥ ከቆለፍኩ በኋላ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ የሺ ጋ እደውላለሁ። «ጨረስኩ» እላታለሁ፤ «እሺ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» ትለኛለች፤ በቃ፣ ሌላ ወሬ የለንም። አንዳንዴ ወጥ እየሠራች ይሆናል፣ አንዳንዴ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሺፍት ላይ ሆና ሰው እያጠበች ይሆናል፣ አንዳንዴ ታማ ተኝታ ይሆናል። የትም ብትሆን፣ ምንም እየሠራች ቢሆን፣ ስልኩ አንድም ቀን ሁለተኛ ጊዜ ጠርቶ አያውቅም።